ልብስ ሰፊውና ትልቁ ሞተር

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ይርዳው ይባላል። ሱቁ ያለው ኮምቦልቻ ነው፤ ኑሮው ግን የቆመው ከከተማዋ በላይ ባሉት የደጋ ገበያዎች ላይ ነበር። ማክሰኞ አንዱ ዘንድ፣ ሐሙስ ሌላው ዘንድ፣ ቅዳሜ ሦስተኛው ዘንድ እየወጣ፣ ገበሬው የገዛውን ጨርቅ እዚያው ለክቶ እዚያው ይሰፋል። ባለ ጨርቁ በጉን ሸጦ፣ ጨውና በርበሬውን ገዝቶ ሲመለስ ሱሪው ተሰፍቶና ተተኩሶ ይጠብቀዋል። ይህን የሚያደርግ ሰፊ በዙሪያው ሌላ አልነበረም።

ይህን ሁሉ የምታደርሰው አንዲት ትንሽ አሮጌ መኪና ነበረች። ከበኩር ልጁ በዕድሜ ትበልጣለች። ክብ ናት፤ ቀለሟ የለጋ ቅቤ ነው። ከኋላ ወንበሯ ሁለቱ ሴት ሠራተኞቹ ይቀመጣሉ፤ ከጣሪያዋ ላይ የስፌት መኪናዎቹ ይታሰራሉ። አውቶቡስ እንዳይሳፈር፣ አውቶቡሱ ጠዋት ይወጣል እንጂ በዚያው ቀን አይመለስም።

በግንቦት ወር አንድ ቅዳሜ መኪናዋ የሐረጎን ዳገት አጋምሳ ጥቁር ጭስ ተፋችና ቆመች። እየተጎተተች ወደ ቤት ወረደች። ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ የሰፈሩ አንጋፋ መካኒክ መጥተው ኮፈኑን ከፈቱ፣ አዩ፣ አሸተቱ፣ መልሰው ዘጉት።

«ይህ ሞተር ሦስት ጊዜ ታድሷል፤» አሉ። «ለአራተኛ የሚፋቅ ብረት አልቀረውም። ሌላ ሞተር ይግባላት።»

ለልብስ ሰፊ ዓመቱ ማለት ነሐሴና ጳጉሜ ነው። ሰው ሁሉ ለአዲስ ዓመት የሚሰፋው ያን ጊዜ ነውና የዓመቱ ገቢ ግማሹ በእነዚያ ሳምንታት ይገባል። በዚያ ላይ አንድ ሌላ ሰፊ ሞተር ሳይክል ገዝቶ፣ የእጅ ስፌት መኪናውን ከኋላው እያሰረ፣ ወደ ይርዳው ገበያዎች ብቅ ማለት ጀምሯል። መኪናዋ ነሐሴ ሳይጋመስ ካልተነሳች ይርዳው ገበያዎቹን ያጣል። ገበያዎቹን ካጣ ሁለቱን ሠራተኞቹን ያሰናብታል። ይህን እሱም ያውቃል፣ እነሱም ያውቃሉ።

እሱ ግን አልደነገጠም። ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው፤ አንድ ብሎን ጠፍቶበት፣ አንድ ብሎን ተርፎት አያውቅም። ደግሞም በዚያው ሰሞን ዕቁብ ወጣለት፦ መቶ ስልሳ ሺህ ብር። ስለዚህ ሞተሩን ገዝቶ በገዛ እጁ ሊገጥም ወሰነ። ጠመኔውን አነሣና ጨርቅ በሚቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ሲል ጻፈ። ሞተር መቶ ሃምሳ ሺህ። ማጓጓዣ ሰባት ሺህ። ዘይት ሦስት ሺህ። ደመረው። መቶ ስልሳ ሺህ። ድምሩ ልክ መምጣቱ ደስ አሰኘው፤ የጥሩ ዕቅድ ምልክት መሰለው።

ሚስቱ እቴነሽ በትከሻው ላይ አሻግራ አየች።

«ልክ መጣልህ?»

«ልክ! አንድ ብር አልጎደለ፣ አንድ ብር አልተረፈ።»

«እኔ ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ እንኳ ልክ መጥቶልኝ አያውቅም፤» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሐጂ እንድሪስም ማታውን ሲያልፉ ገብተው ጠረጴዛውን አነበቡ።

«በእጅህ ያለው ይህ ብቻ ነው?»

«ይኸው ነው ሐጂ።»

«እንግዲያው የመቶ ሺህ ሞተር ፈልግ።»

«ስልሳው ሺህስ?»

«ይርዳው፣ ሞተር እንደ ሙሽራ ነው። ብቻውን አይመጣም፤ አጃቢ አለው። አጃቢው ደግሞ ይበላል።»

«የእኔው ሙሽራ የድሃ ልጅ ነው ሐጂ፤ አጃቢ የለውም፤» አለ ይርዳው እየሳቀ። «የምፈታው እኔ፣ የምገጥመው እኔ! የማን ደመወዝ ይከፈላል?»

ሐጂ «እሺ፣ አላህ ያግዝህ» ብለው ወጡ። የተመከረ ሰው ሲስቅ ምክሩ ለሌላ ቀን እንደሚቀመጥ ያውቃሉ።

ይርዳው ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ የተፈታ መኪና ሁሉ ዕቃው ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ። አንድ ወጣት ነጋዴ የመኪናዋን ዓይነት ሲሰማ ወደ ሱቁ ጓዳ ወስዶ፣ አቧራ የለበሰ ትንሽ ሞተር አሳየው።

«የእርስዎ መኪና ሞተር ይኸው ነው ፋዘር። ዘጠና አምስት ሺህ። አሮጌውን ያወርዳሉ፣ ይህን በቦታው ያስቀምጣሉ። ብዙ ጣጣ የለውም።»

ከትንሹ ሞተር አጠገብ አንድ ትልቅ ሞተር ተቀምጧል። ታጥቦ ያብረቀርቃል።

«ይሄስ?»

«ይሄ ለሌላ መኪና የተሠራ ነው። እንደ እርስዎ ባለች መኪና ሲገባ አይቻለሁ፣ ግን ሥራ አለው።»

«ዳገት ይወጣል?»

«ዳገቱን ተሸክሞ ነው የሚወጣው!»

ይርዳው ትንሹን ሞተር አየ። በእሱ ዓይን ያ ሞተር ሠላሳ ዓመት በአንደኛ ማርሽ የተጎተተበት የሐረጎ ዳገት ነበር። ትልቁን አየ፤ እሱ ደግሞ ጠዋት ተነሥቶ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ገበያ መድረስ ነበር። ልቡ ወደ ትልቁ ሄደ። ዋጋውን ጠየቀ። መቶ ሰባ ሺህ ተባለ።

ከዚህ በኋላ ይርዳው የሚኮራበትን ሥራ ሠራ፤ ተከራከረ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተከራከረ። ሁለት ጊዜ ትቶ ሄደ፣ ሁለቴም ተጠርቶ ተመለሰ። የሱቁ ጎረቤቶች መሐል ገቡ፣ ማሉ፣ አስማሉ። በመጨረሻ ሞተሩ በመቶ አርባ ስምንት ሺህ ተሸጠለት።

«ሃያ ሁለት ሺህ አተረፍኩ!» አለ በልቡ።

እዚህ ላይ ነበር ትልቁ ስህተት። ይርዳው ሃያ ሁለቱ ሺህ ብር በኪሱ ያለ መሰለው። «ከትርፉ ላይ» ብሎ ተሸካሚዎቹን ጥሩ ምሳ ጋበዘ። «ከትርፉ ላይ» ብሎ ለእቴነሽ ጫማና ሻሽ፣ ለሠራተኞቹም ለእያንዳንዳቸው ሻሽ ገዛ። አምስት ሺህ ብር ሄደ። ለመኪና ጭነት ሰባት ሺህ ከፈለ። ቤቱ ሲደርስ ለዘይት የጻፈው ገንዘብ እንኳ አልነበረም።

«ሃያ ሁለት ሺህ አትርፌ መጣሁ!» አለ ከበሩ ሳይገባ።

«የታለ?» አለች እቴነሽ።

«ምኑ?»

«ሃያ ሁለቱ ሺህ።»

ይርዳው ጫማውን አሳያት።

ሰኔ ሲገባ ሥራው ተጀመረ። ሐጂ ያዋሱትን የሰንሰለት ማንሻ በግቢው ዛፍ ላይ አሰረ፤ አሮጌውን ሞተር በሁለት ቀን ፈትቶ አወረደ። ሽቦዎቹን ሁሉ በተለያየ ቀለም ክር አስሮ ምልክት አደረገባቸው። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ሐጂም አይተው አያውቁም ነበር። በሦስተኛው ቀን ትልቁን ሞተር አንሥቶ ወደ ቦታው ሲያወርደው ግን አልገባም። በቁመቱ አንድ ስንዝር ይተርፋል። የሚያርፍባቸው እግሮች መኪናዋ ላይ ካሉት ማረፊያዎች ጋር አይገናኙም። ማርሽ የሚለውጠው ካምቢዮ ከሞተሩ ጋር የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች አንዱም ከአንዱ ትይዩ አይደለም።

ሐጂ እንድሪስ ተጠርተው መጡ። ጎንበስ ብለው በስንዝር ለኩ።

«እግሩ በብየዳ እንደ አዲስ ይሠራል፤» አሉ። «ካምቢዮው ይለወጣል። የውኃ ማቀዝቀዣው ለዚህ ሞተር አይበቃም፣ ትልቅ ይገዛል። የጭስ መውጫውም ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ደግሞ ፍሬኑ ይህን ጉልበት መያዝ አለበት።»

«ስንት ይሆናል?»

«የማየው ብቻ ሰባ ሺህ ይሆናል።»

ይርዳው እንደ ብዙዎቻችን፣ እውነቱን ከመቀበል ይልቅ መዶሻ አነሣ። ከአሮጌ አልጋ ብረት ቆርጦ የሞተር እግር ሠራ። በጎረቤቱ ብየዳ አስበየደ። ሞተሩን አውርዶ አሳረፈበት። ሞተሩ ለአንድ ሌሊት ተቀመጠ፤ ጠዋት ሲነካው እግሩ ተሰብሮ ከታች በተነጠፈው ጎማ ላይ ዘጭ አለ። ሰው አልተጎዳም። ደግሞ ሠራ። ደግሞ ተሰበረ። በዚህ መሐል ሰኔ አለቀ።

የሐምሌ ዝናብ መጣ። ትንሿ መኪና ኮፈኗ ወልቆ፣ ሆዷ ባዶ ሆኖ፣ ላስቲክ ለብሳ ግቢው ውስጥ ቆመች። ትልቁ ሞተር በሱቁ ጥግ ተቀምጦ ያብረቀርቃል። ገበያተኛ ሁሉ «ምን ሆናችሁ ቀራችሁ?» እያለ በመንገደኛ ይልካል።

አንድ ቀን ከሠራተኞቹ ትልቋ፣ ሰዓዳ የምትባለው፣ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሣ ተናገረች።

«ጋሼ፣ ያ ባለ ሞተር ሳይክሉ ሰውዬ ትናንት ቤታችን ድረስ መጥቶ ነበር። ‹እኔ ጋ ነይና ሥሪ፣ ጨርቁ በዝቶብኛል› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«‹ጋሼ ነሐሴ ላይ ይወጣሉ› አልኩት።»

«ካልወጣሁስ?»

«እንግዲህ…» አለችና ክሯን መርፌው ውስጥ ማስገባት ያቃታት መሰለች። «ልጆች አሉኝ ጋሼ።»

ይርዳው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። እሷ ግን የተናገረችው ልታስፈራራው አልነበረም። ያወቀችውን እሱም እንዲያውቀው ብላ ነው።

በዚያው ሳምንት አንድ ገበሬ ከደጋ ወርዶ ኮት ሊያሰፋ መጣ። ጨርቁን ከብብቱ አውጥቶ ዘረጋው። ይርዳው ለካውና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይህን ማን ቆረጠልህ?»

«ጨርቅ ነጋዴው ነዋ። በቁመቴ ልክ ለክቶ ቆረጠልኝ። አንዲት ጣት እንኳ አላባከንኩም!»

«ስማኝ ወንድሜ፤» አለ ይርዳው ድምፁ ከፍ እያለ። «ልክህ ልክህ ነው፤ ልብስ ግን በልክህ ብቻ አይሰፋም። የሚታጠፈው ከየት ይምጣ? ኪሱስ? ገበሩስ? ጨርቁ ታጥቦ ሲሰበሰብስ? በዓል ውለህ ስትወፍርስ? ዛሬ እኔም አንተም የማናየው ስንት ነገር አለ! ልክ በልክ የመጣ ጨርቅ ልብስ አይሆንም፤ እጄን ይዘህ ብትለምነኝም አልቆርጠውም!»

የሰዓዳ የስፌት መኪና ቀጥ አለ።

«ጋሼ፤» አለች ቀስ ብላ። «የሞተሩም ሒሳብ እንዲሁ ልክ በልክ አልነበር የመጣው?»

ገበሬው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየ።

«የምን ሞተር?» አለ።

መጀመሪያ የሳቀችው ከጥግ ተቀምጣ ቁልፍ የምትተክለው እቴነሽ ናት። ቀጥላ ሁለተኛዋ ሠራተኛ ሳቀች። ይርዳው ሜትሩ ከአንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ፤ እሱም ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ተነሥቶ ጃንጥላውን ያዘና ወደ ሐጂ እንድሪስ ቤት ሄደ።

«ትልቁን ሞተር ልመልሰው ነው ሐጂ።»

«ትከስራለህ።»

«ከስሬያለሁ። አሁን የቀረኝ ኪሳራውን ማቆም ነው።»

ሐጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «አብሽር! አሁን ሞተር መግጠም ትችላለህ።»

ለጉዞው ገንዘብ አልነበረውም። የጨርቅ ጠርዝ የምትዘመዝመዋን መኪናውን፣ ከሱቁ ዕቃ ሁሉ የሚወዳትን፣ በሠላሳ ሺህ ብር ሸጠ። ትልቁን ሞተር ጭኖ ወደዚያው ነጋዴ ተመለሰ። ነጋዴው ዞሮ ዞሮ አየውና መቶ ሠላሳ ሺህ እከፍላለሁ አለ።

«አሥራ ስምንት ሺህ አጎደልክብኝ እኮ!»

«ፋዘር፣ ያኔ ሃያ ሁለት አትርፈው አልነበር? አሁንም አራት ይተርፍዎታል!»

የሱቁ ሰው ሁሉ ሳቀ። ይርዳውም ሳቀ፤ ቀልዱ ስንት እንዳስወጣው ግን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

ትንሹ ሞተር አሁንም በቦታው ነበር። በዚህ ጊዜ ይርዳው ዋጋ አልተከራከረም። የተከራከረው ስለ ሌላ ነው። «ማስነሻው አብሮት ይሁን። የሚያርፍባቸው ጎማዎች አብረውት ይሁኑ። የቀረጥ ወረቀቱን ሳትሰጠኝ ከዚህ አልንቀሳቀስም፤ የሞተሩን ቁጥር ሊብሬዬ ላይ በምን ላስመዘግብ?» አንድ ሰዓት ፈጀ። ዋጋው ያው ዘጠና አምስት ሺህ ሆነ፤ ከሞተሩ ጋር ግን አንድ ሙሉ ማዳበሪያ ዕቃና አንድ ፖስታ ወረቀት ተጫነ። የሄደበትና የተመለሰበት ጭነት አሥራ ሁለት ሺህ ብር ሆነ።

ቤቱ ሲደርስ በእጁ ሃምሳ ሦስት ሺህ ብር ቀርቶታል። ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው። ሐጂን ከቀኝ፣ እቴነሽን ከግራ አስቀምጦ፣ ሠራተኞቹም ቆመው እያዩ፣ እንደገና ጻፈ። በዚህ ጊዜ ግን የመጀመሪያው መስመር «ሞተር» አልነበረም። «የማላውቀው» ሲል ጻፈ፤ ከፊቱም ሃያ ስምንት ሺህ። ከዚያ በታች የሚያውቃቸውን አሰፈረ፤ ዘይቱን፣ ማጣሪያውን፣ የውኃ ቱቦዎቹን፣ ሞተሩና ካምቢዮው ሲገናኙ የሐጂን የሁለት ቀን ሥራ። እሱ ደግሞ ሃያ አምስት ሺህ ሆነ።

«ጋሼ፣ ይህ የላይኛው ምን የሚሉት ዕቃ ነው?» አለች ሰዓዳ።

«ሲመጣ ስሙን እንጽፍለታለን።»

ሃያ ስምንቱን ሺህ እቴነሽ ተረከበች። የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ በሆነችው ቆርቆሮ ውስጥ ከታች አድርጋ፣ ቁልፍ አለበሰችበት። «ከዚህ ገንዘብ የሚወስድ ሰው፣ ምን እንደገጠመውና ለምን እንዳላወቀው ቆሞ ይነግረኛል፤» አለች።

የመጀመሪያው ያልታወቀ ነገር በሦስተኛው ቀን መጣ። አንድ የዛገ ብሎን ሲፈታ ተሰብሮ ግማሹ ብረቱ ውስጥ ቀረ። ለማውጣት የቶርኖ ቤት ሦስት ሺህ ብር ጠየቀ። ይርዳው እጁን በጨርቅ እየጠረገ እቴነሽ ፊት ቆመ፣ ተናዘዘ፣ ተሰጠው። ሁለተኛው በሳምንቱ መጣ። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር ሊያገናኙ ሲሉ ሐጂ ሁለቱን የሚያያይዘውን የፍሪሲዮን ሸራ በባትሪ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተሰንጥቋል። ዘጠኝ ሺህ። ከሁለት ወር በፊት ቢሆን ይህ ስንጥቅ ሥራውን ያቆመው ነበር። አሁን ያቆመው ለአንድ ከሰዓት ብቻ ነው።

ያን ቀን ማታ ይርዳው ትንሽ ልቡ አብጦ ነበር።

«እቴነሽ፣ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ አሥራ ስድስት ሺህ አለ አይደል? እግረ መንገዳችንን ቀለም ብንቀባትስ?»

«ቀለም ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«እንዴት አላውቅም!»

«እንግዲያው ከዚህ አይወጣም፤» አለች።

ሦስተኛው የመጣው ሞተሩ በተነሣ ዕለት ነው። ነሐሴ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ቁልፉ ሲዞር ትንሹ ሞተር ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ያዘ። ሰዓዳ እልል አለች። እልልታው ሳያልቅ አሮጌው የውኃ ማቀዝቀዣ ሲሞቅ ተቀደደና ግቢውን አረጠበው። ሰዎቹ ተደናግጠው ይርዳውን አዩት። እሱ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ተረጋግቶ፣ ወደ እቴነሽ ሄደ።

«ሰባት ሺህ፤» አላት። «ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ አላወቅኩም ነበር።»

«ትክክል ነው፤» አለችና ቆጥራ ሰጠችው።

የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ሰፈረ። በማግስቱ ሐሙስ ማለዳ ትንሿ መኪና ሁለት ሴቶች ከኋላ፣ ሁለት የስፌት መኪና ከላይ ጭና የሐረጎን ዳገት ጀመረች። የጭነት መኪናዎች እየተንቋረሩ አለፏት። አንዱ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ ተራራው እስኪመጣልህ ነው የምትጠብቀው?» አለው። ይርዳው እጁን አውለበለበለት። በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳትቆም፣ ሳትጨስ ወጣች።

ገበያው ላይ ያ ባለ ሞተር ሳይክል ሰፊ በይርዳው ቦታ ተቀምጦ ነበር። ሲያየው ሊነሣ ቃጣው።

«ተቀመጥ፤» አለው ይርዳው። «ነሐሴ ለሁለታችንም ይበቃል።» ከጎኑ የስፌት መኪናዎቹን አወረደ።

መጀመሪያ የመጣች አንዲት አሮጊት ናት። የያዘችው ጨርቅ የታጠፈበት መስመር ደብዝዟል። «ከሰኔ ጀምሬ ይዤው ስመላለስ ነው፤» አለች። «ለሌላ አልሰጥም አልኩ። ሞተህ ነበር እንዴ?»

«ትንሽ ቀርቶኝ ነበር እማማ።»

ሲመሽ ሰዓዳ ሰባት ሱሪ ሰፍታ ነበር። በመንገድ ላይ ሳትጠየቅ ተናገረች። «ሰውዬውን ‹ጋሼ መጥተዋል› አልኩት።» ጉዳዩ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

ቤት ሲደርሱ እቴነሽ ቆርቆሮዋን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ከቁልፎቹ መሐል ዘጠኝ ሺህ ብር ወጣ።

«ሞተሩ ገባ። ገበያ ተደረሰ። ይህ ምን ይሁን?»

ይርዳው ብሩን ሰብስቦ አስተካከለ፣ መልሶ ቆርቆሮው ውስጥ አስቀመጠው።

«የሚመጣውን ማክሰኞ አይተሽዋል?» አላት።

«አላየሁትም።»

«እኔም አላየሁትም።»

እቴነሽ ቁልፎቹን በእፍኟ እያነሣች ከላይ አለበሰችበት።

ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው ሁለት ነገር ይያዝ። አንደኛው፣ ተከራክረን ያስቀነስነው ገንዘብ ያልወጣ ገንዘብ እንጂ የገባ ገንዘብ አይደለም፤ ደግመን ልናወጣው አንችልም። ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ፣ ዕቅድ ስናወጣ የምናውቀውን ሁሉ ጽፈን ስንጨርስ ሥራው ያለቀ ይመስለናል። ያላወቅነው ግን አልተጻፍኩም ብሎ አይቀርም፤ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፤ መጥቶም ባዶ እጃችንን ካገኘን የምናውቀውን ሥራ ሁሉ ያስቆመዋል። ይርዳው ሰነፍ አልነበረም፣ ሞኝም አልነበረም። እጁ ሁሉን ስለሚችል ዓይኑም ሁሉን ያየ መሰለው። የሚተማመን ሰው ማለት ምንም አይገጥመኝም የሚል አይደለም። የሚገጥመውን ስሙን ሳያውቅ ድርሻውን አስቀድሞ ያስቀመጠለት ነው።

ቤት የምትሠሩ፣ ትዳር የምትይዙ፣ ልጅ ልታስተምሩ፣ ሱቅ ልትከፍቱ የተነሣችሁ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቃችሁ። ገና ላላያችሁት ነገር ስንት አስቀምጣችኋል? ቆርቆሮውስ በማን እጅ ነው?